ከወንድሜ ኪስ የወጡት ሰባት እጮች

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በላብራቶሪው መስኮት ገብታ ጠረጴዛዬን ሞልታዋለች። «በጠራራ ፀሐይ ምን ያስፈራል?» እንዳትሉኝ... ያስፈራል።

ሥራዬ የትንኝ ዝርያ መለየት ነው። እጮቹ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ቀያይ ትሎች ናቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች በዓይን ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። የሚለያቸው የምራቅ ዕጢያቸው ውስጥ ያለው ክሮሞዞም ብቻ ነው። እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር መስመር በመስመር ነው፤ መስመሩን እናነባለን።

ወንድሜ ግድቡ ላይ የፓምፕ ሠራተኛ ነበር። ከስምንት ወር በፊት ለሥራ እንደወጣ ቀረ። የተገኘው ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ የነበረው ጃኬቱ ብቻ ነው።

ኪሱ ውስጥ ጭቃና ሰባት እጮች ነበሩ።

እያንዳንዱ ዝርያ የሚኖርበት የራሱ የውሃ ቦታ ስላለው፣ የት እንደሰመጠ ሊነግሩን የሚችሉት እነሱ ብቻ ነበሩ። እኔ ጉደኛዋ ግን እያለቀስኩ አልኮል ውስጥ ከተትኳቸውና፣ ክሮሞዞማቸውን ሳላይ፣ በግምት «የዳር ውሃ ዝርያ» ብዬ ጻፍኩ። ጠላቂዎቹ ዳር ዳሩን ሁለት ሳምንት ፈልገው ተመለሱ።

እናቴ እርሟን ሳታወጣ ስምንት ወር በር በሩን ስታይ ኖረች።

የዚያን ቀን የክፍላችን ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ቁም ሳጥናቸውን እያጸዱ ነበር። ጋሼ ሌንስ እንላቸዋለን፤ ሰላም ሲሉን እንኳ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ሰባቱ እጮች ያሉበትን ብልቃጥ ይዘው መጡ።

«ልጄ... የዚህ ስላይድ የታለ?»

«አልሠራሁም፣ ጋሼ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዱን እጭ አወጣሁ። ዕጢውን ቀለም ውስጥ ነክሬ በመስታወት ጨፈለቅኩት። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ።

ክሮሞዞሙ መሃል ላይ መስመሮቹ ተገልብጠዋል።

የዳር ውሃ ዝርያ አይደለም። እንዲህ የተገለበጠውን ጋሼ ሌንስ በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ያገኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው... የግድቡ አሮጌ የውሃ በር ስር፣ ጥልቁ ላይ።

ስምንት ወር ሙሉ በእኔ ስንፍና!

እንደገና ሳይ ክሮሞዞሙ ላይ እብጠት አለ። እብጠት ማለት ዕጢው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እንባዬን ጠርጌ ተመለስኩ...

እብጠቱ አድጓል።

«ጋሼ... እስቲ ይዩልኝ።»

አጎነበሱ።

«መቼ ነው የገደልሻቸው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ያኔውኑ... ስምንት ወራቸው ነው።»

«ይሄ አልሞተም።»

ሁለተኛውን ሠራሁ። ሦስተኛውን... ሰባቱም ዓይናችን እያየ ያብጡ ነበር።

ጋሼ ሌንስ የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፉት።

«ለጠላቂዎቹ ደውዪ። አሁኑኑ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከውሃ በሩ ስር አወጡት። ፊቱን ሸፍነውታል። ልጠጋ ስል አንዱ ጠላቂ ክንዴን ያዘኝ።

«እህቱ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እጁን አትንኪ... ይቅርብሽ።»

«ለምን?»

ጓንቱን አውልቆ የገዛ መዳፉን ያያል።

ነካሁት።

ይሞቃል። አሁን ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እጅ ነው የሚመስለው።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ አዘገየሁህ» አልኩት።

ሐኪሙ መሞቱን አረጋግጦ ፈረመ። ቀበርነው።

ከቀብር መልስ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እዚያ ታች ያለው ውሃ አጥንት ይሰብራል አሉ... ልጄን በርዶት ነበር?»

«አይ እማዬ። አልበረደውም።»

በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እርሟን አወጣች።

ይቅርታ ስጠይቀው ጣቶቼን ጭብጥ አድርጎ ይዞኝ እንደነበር... ለማላቀቅም ሁለት ሰው እንደታገለ ግን አልነገርኳትም።