መጋረጃው ላይ የተሰካው ፎስፌት

ካልሲየም የሆኑት ተማሪዎች በመስኮት ዘለው ገቡ። ከፊት የሚመራቸው ሞተር የሚሉት ልጅ ነው፤ ሲወለድ ካለቀሰ ወዲህ አፉን ዘግቶ አያውቅም ይባላል። እየጮኸ የመጀመሪያዋን ተማሪ ትከሻ መታ። ቀጥሎ ያለውን መታ። በሩ ጋ የተሰለፉትን አምስቱንም ተራ በተራ ደበደባቸው። ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ወርውሩ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ሞተር።

«መቆንጠጫ የለንማ» አለች አንዷ፣ ኮሌታዋን እየዳበሰች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ክፍሉ ራሱ አንድ ህዋስ ነበር። እትዬ ህዋስ የሚሏት የባዮሎጂ መምህርት ትምህርቱን በሰው ካላሠራች እንቅልፍ አይወስዳትም። ዙሪያውን የተደረደሩት ዴስኮች የህዋሱ ሽፋን ናቸው። በሩ ጋ የወረቀት ኳስ ታቅፈው የቆሙት አምስቱ ደግሞ ህዋሱ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ነገር የያዙ ከረጢቶች። ካልሲየም ገብቶ ሲነካቸው ኳሳቸውን ወደ ኮሪደር ይወረውራሉ። ይህን የሚያደርገው ግን ኮሌታው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ያለበት ብቻ ነው። መቆንጠጫው ፎስፌት ነው፤ አንድ ኢንዛይም ከረጢቱን የሚያዘጋጁት ፕሮቲኖች ላይ ይሰካዋል፣ ሌላው ደግሞ ይነቅለዋል።

የሚሰካው ኢንዛይም ጉንዳን ነበረች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

ጉንዳን ያሏት ትንሽ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ተሸክማ ስለምትታይ ነው፤ ወይ አንዱን መንታ ወንድሟን፣ ወይ ሌላውን፣ ወይ የሁለቱን የሚታጠብ ልብስ። መቆንጠጫዎቹንም እናቷ ከምትሠራበት ላውንደሪ ለምና ያመጣች እሷው ናት። አሁን መስኮቱ ጋ ቆማ ዓይኗን ታሻለች። መቆንጠጫዎቹ በሙሉ መጋረጃው ላይ ተሰክተዋል፤ ጨርቁ ጥግ ከጥግ ተገጣጥሞ፣ ጫፉ ተወጥሮ፣ ልክ እንደ ታጠበ አንሶላ። ፈረስ ቆሞ ይተኛል ይባላል። ጉንዳን ግን ቆማ ተኝታ ልብስ ታሰጣለች።

ሌሊቱን መንታዎቹ ተራ ገብተው ሲያለቅሱ አንግተውባታል። እጇ መጋረጃውን ሲነካ ጭንቅላቷ ሥራውን ለእጇ ትቶ ሄደ፤ የሆነው ይኸው ነው።

ሞተር ጓደኛ ነውና ዝም አላለም። ሆን ብለን ነው፣ ፎስፌት የሌለው ህዋስ ምን እንደሚሆን ልናሳይ ነው ብሎ ጀመረ። ከዚያ ወደ አጎቱ መጋዘን ወሬ ገባ። የመጋዘኑ ዘበኛ ጫማውን ሳያስር በር አይከፍትም፣ ጫማውን ለማሰር ደግሞ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ደወሉ እየተደወለ ሰፈሩ በሙሉ ደንቁሯል፣ በሩ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም አለ። ሲናገር ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

እትዬ ህዋስ ታሪኩን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሆን ብላችሁ ከሆነማ ተሳስታችኋል» አለች። «ፎስፌቱ ሲጎድል የሚወጣው ያንሳል እንጂ ጨርሶ አይቆምም። ጫማውን ያሰረ አንድ ሁለት ሰው የትም አይጠፋም። ደግሞ ሁሉም ፎስፌት በር አያስከፍትም፤ እንደተሰካበት ቦታ የሚያዘገይም አለ። በሉ እንደገና።»

ወደ መጋረጃው ሄዳ ከጉንዳን ጋር መቆንጠጫዎቹን ትነቅል ጀመር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«ምንም» አለች ጉንዳን።

እንዴት ምንም! አክስቷ ሰሞኑን መጥታ ነገሩን ጨርሳው ሄዳለች። ላውንደሪው እናቷን ከሌሊት ወደ ቀን ፈረቃ ሊያዛውራት ነው፤ መንታዎቹን ቀን የሚይዝ የለም፤ ስለዚህ ልጅቷ ወደ ማታ ትምህርት ትዙር ተባለ። ከሰፈሯ ማታ የገቡትን ጉንዳን ታውቃቸዋለች። ቀኑን ሲሠሩ ውለው መጽሐፍ ላይ ይደፋሉ፣ ከዚያ ዓመቱ ሳይጋመስ ይቀራሉ። እናቷ ግን በደፈናው አልወሰነችባትም። ይሻልሻል ወይ እያለች ደጋግማ ጠይቃታለች። አልፈልግም የሚለው ቃል እንደ ከረጢቶቹ በሩ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቆማል። የእናቷን ያበጡ እግሮች ታይና ሆድ ይፍጀው ብላ «ይሁን» ትላለች።

በሁለተኛው ዙር በአምስቱም ኮሌታ ላይ መቆንጠጫ ተሰካ። ካልሲየም ሲገባ ኳሶቹ ተተኮሱ። አንዱ በኮሪደር የሚያልፈውን የሒሳብ መምህር ግንባሩ ላይ አገኘው። ሞተር እስከ ዛሬ፣ ኳሱ የመምህሩን መነጽር ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ እያለ ያወራል።

ዕቃ ሲሰበስቡ አንድ መቆንጠጫ ተረፈ። ሞተር የጉንዳን ኮሌታ ላይ ሰካው።

«ይሄ ላንቺ ነው። ደግመሽ ከተኛሽ ከመጋረጃው ጋር አሰጣሻለሁ።»

ሳቀች። ልታወልቀው አሰበችና እጇን ለማንሳት ደከማት። እንደተሰካ ቤቷ ገባች።

እናቷ ሌሊቱን አንሶላ ስትተኩስ አድራ፣ ቀኑን ደግሞ መንታዎቹን ስትይዝ ውላለች። እግሯን ሳፋ ላይ ባለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ጥላ ተቀምጣለች። መንታዎቹ ሌሊቱን ሲያምሱ እንዳላደሩ አልጋው ላይ ተቃቅፈው ተኝተዋል።

«ነገ ጠዋት ትምህርት ቤትሽ ብቅ እላለሁ» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ዳይሬክተሩን አነጋግሬ ወደ ማታው አዛውርሻለሁ። ይሻልሻል አይደል፣ የኔ ልጅ?»

ጉንዳን አፏን ለተለመደው ቃል አዘጋጀች። እናቷ መልሱ ሲዘገይባት ቀና አለችና ኮሌታዋን አየች።

«ይሄ የላውንደሪው መቆንጠጫ አይደል? አንቺ ላይ ምን ይሠራል?»

ልትነቅለው እጇን ዘረጋች። ጉንዳን ቀድማ መቆንጠጫውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ተይው እማዬ፣ ትንሽ ይቆይ።»

እናቷ በመገረም እጇን መለሰች። ውሃው ውስጥ እግሯን አንቀሳቀሰች፤ ትንሽ ረጨ።

«አይሻለኝም» አለች ጉንዳን።

ድምጿ ለራሷም ቀጭን ሆኖ ተሰማት። እናቷ አልተቆጣችም፣ አላባበለችም። ሳፋውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። ጉንዳን በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፣ ጫማዋን ፈታች፣ እግሯን ከእናቷ እግር አጠገብ ነከረች። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም። ከመጋረጃው ጀመረች።