ኮዲን ማን አሳቀው?

«ናኒባ ነኝ!»

ድምጿ ከገደሉ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። «ባ ነኝ... ነኝ...» አሉ በቋጥኙ ጉያ የተሸጎጡት ባዶ የድንጋይ ቤቶች። ሕፃኑ ኮዲ የሳቀው ያኔ ነው። ፈገግታ አልነበረም፤ ሲጠግብ የሚያሰማው ማጉረምረምም አልነበረም። ከሆዱ የመነጨ፣ ጥርስ የሌለው አፉን እስከ ጥግ የከፈተ፣ የለየለት ሳቅ ነበር።

ናኒባ መጀመሪያ አብራው ሳቀች። ወዲያው ያደረገችው ነገር ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

«አንቺ! አሳቅሽው እንዴ?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የአክስቷ ልጅ ዳሪል ነበር፤ ኮዲ ደግሞ የሌላኛዋ አክስቷ ልጅ ነው። ለእራት እንጨት ልቀሙ ተብለው ሊጠራት መጥቶ፣ የወንዝ ዳሩ ዛፎች የሚያልቁበት ቦታ ላይ ተገትሯል። ከዚያ ወዲህ አንዲት እርምጃ ማለፍ አልፈለገም። አይፈረድበትም። ቱሪስት እነዚህን ቤቶች ሲያይ ካሜራውን ይዞ ይሮጣል፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዲኔዎች፣ የናኒባ ወገኖች፣ ግን ሞት የጎበኘውን ቤት ይርቁታል። የጥንቶቹ ሰዎች ትተውት የሄዱት ደጃፍ ሥር ቆሞ መጮህ፣ ያውም የገዛ ስምን መጥራት፣ ከዳሪል በቀር ሰው ባያየውም የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

አያታቸው ጠዋት ጀልባዋ አሸዋው ላይ እንደቆመች ተናግረው ነበር። «ድንኳኑ እዚህ፣ ጨዋታውም እዚህ። ወደ እነዚያ ቤቶች አትጠጉ፤ እዚያ ስም አትጥሩ።» አጎት ሃሪሰን ደግሞ ገመዱን እያሰረ ጨምሮበታል። «ሕግ የጣሰ ነገ መቅዘፊያ አይነካም።»

ነገ። ናኒባ ክረምቱን ሙሉ የኖረችው ለነገ ነው። ከሰፈሩበት ቦታ ወደ ታች፣ ወንዙ ድንጋይ ላይ እየተላተመ የሚፈላበት፣ ቤተሰቡ «በቅሎዋ» እያለ የሚጠራው ቦታ አለ። ስሙ የወጣለት ስለሚራገጥ ነው። ነገ በቅሎዋን ስታልፍ ሁለቱንም መቅዘፊያ የምትይዘው እሷ ብቻ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ! ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለች፤ እንደውም ትንሽ አብዝታ አውርታለች። ታዲያ ኮዲን ጥላ ሥር እንድትጠብቅ ሲሰጧት የገደሉ ጥላ ይሻላል ብላ መጣች። ቤቶቹን ቀና ብላ አየች፤ አልፈራችም፤ አለመፍራቷ ደስ አላት፤ ጮኸች። ነገሩ ይኸው ነው።

«አየኸኝ?» አለችው ዳሪልን።

«ሰማሁሽ እንጂ! ቋጥኙም ሰምቷል።» ራሱን አከከ። «አቦ፣ ምን ይሻላል? እኔ ስንት ጊዜ ጆሮዬን ስጎትትለት፣ ስንት ጊዜ እንደ ቱርክ ዶሮ ስጮህለት ከርሜ፣ አንቺ በአንድ ጩኸት!»

ቅናቱ የእውነት ነበር። በዲኔዎች ዘንድ የሕፃን የመጀመሪያ ሳቅ ቀላል ነገር አይደለም። ያሳቀው ሰው ግብዣ ያዘጋጃል፤ ሕፃኑን ታቅፎ፣ በትንሽ መዳፉ ላይ ጨው እያኖረ፣ ለተሰበሰበው ሁሉ ያድላል። ልጁ ሲያድግ እጁ እንዳይታጠፍ፣ ቸር እንዲሆን ነው። የአሳቂው ጠባይም ወደ ልጁ ይሄዳል ይባላል። ኮዲ ሦስት ወር ካለፈው ጀምሮ ቤተሰቡ በተጠንቀቅ ላይ ነበር። ብስኩቱን ከጀልባው መቀመጫ ሥር የሚደብቀው አጎት ሃሪሰን ሕፃኑ ፊት ጥርሱን እንዳያሳይ ተከልክሏል። ያለውን ሁሉ የሚሰጠው፣ ሰው ማሳቅ የሚወደው ዳሪል ግን በሁሉም ዘንድ ታጭቶ ነበር።

«ስሚ» አለ ዳሪል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀላል ነው። ታች፣ ድንኳኑ አጠገብ፣ እኔ አሳቅሁት እላለሁ። አንቺ መቅዘፊያሽን ትይዣለሽ፤ እኔ ደግሞ ጨዉን አድላለሁ። ማን ተጎዳ?»

«አያቴ ቢጠይቁስ?»

«ማንን? እሱን?» በአገጩ ወደ ኮዲ አመለከተ። «ምን ብሎ ሊመሰክር ነው?»

ኮዲ በታሰረበት የሕፃን ማዘያ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሆኖ የገዛ ጡጫውን እየላሰ ነበር። ናኒባ ሰሌዳውን አነሳችና አቀፈችው። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ዳሪል ዝምታዋን እንደ እሺታ ወስዶ እየዘለለ ቀድሟት ወረደ።

ሰፈራቸው ሲደርሱ አክስት ቬርና፣ የኮዲ እናት፣ ለቂጣው ሊጥ ታቦካ ነበር። ዳሪል ገና ከሩቅ «ሳቀ! ኮዲ ሳቀ! እኔ ነኝ ያሳቅሁት!» ሲል ዱቄት በዱቄት በሆነ እጇ ፊቷን ያዘች። ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ዳሪልን አቅፋ ጀርባውን በዱቄት ለወሰችው። አጎት ሃሪሰን «ተመስገን፣ እኔ ነፃ ወጣሁ!» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮዲ ጥርሱን አሳየው።

«እንዴት አድርገህ ነው ያሳቅኸው?» አሉ አያታቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ዳሪል ጆሮዎቹን ጎተተ፤ እንደ ቱርክ ዶሮ ጮኸ። ኮዲ ትክ ብሎ አየውና አዛጋ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ ናኒባ ብቻ አልሳቀችም።

አያታቸው ከጉያቸው ትንሽ የቆዳ ከረጢት አወጡ። ውስጡ ኮዲ ወደሚሄድበት ሁሉ ይዘውት የሚዞሩት የድንጋይ ጨው አለ። «እንግዲህ ቤት እስክንደርስ ምን ያስጠብቀናል? የበግ ጎድን አለ፤ ቂጣ አለ፤ ወንዝ አለ። ዛሬ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሁን» አሉ። «ናኒባ፣ ውሃ ቅጂ።»

እዚያ ቧንቧ የሚባል ነገር የለም። ወንዙ ደግሞ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ጭቃ የጠገበ ነው። ጠዋት በባልዲ ቀድተው ያስቀመጡት ውሃ እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ናኒባ ደለሉ እንዳይነሳ እየተጠነቀቀች ከላይ ከላዩ በጣሳ ትጨልፍ ጀመር። አጎት ሃሪሰን ከጀልባው ላይ ጮኾ፣ «ነገ በቅሎዋ ጋ ስንደርስ ግራውን ቀድመሽ ሳቢ፤ ቀኙ ራሱ ይመጣል!» አላት። ይህን ምክር ክረምቱን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር። አሁን ግን ደስ አላላትም። በራሷ ተናደደች።

አያቷ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ምነው ጭጭ አልሽ?»

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

«አንቺን ያሳቀሽ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ መቼም።»

ናኒባ ሳትወድ ፈገግ አለች። በዚህ ቤተሰብ ይህ ጥያቄ ዕድሜ ልክ ይከተላል። ከረሜላ ባላካፈለች ቁጥር «ምን ታድርግ፣ ያሳቃት ሃሪሰን ነው» ይሏታል። «አጎቴ» አለች።

«ማንም አላየውም ነበር እኮ» አሉ አያቷ። «በረቱ ውስጥ አንቺና እሱ ብቻ ነበራችሁ። በጉ ኮፍያውን ነጥቆት ሲሮጥ አይተሽ ሳቅሽ። ያኔ የነበሩት በጎች ጥቂት ናቸው፤ ስስቱንም ታውቂዋለሽ። ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ መጥቶ ‹ሳቀችብኝ፣ ምን ልሁን?› አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።» ጣሳውን ተቀብለዋት አንድ ጊዜ ጨለፉ። «ከነዚያ በጎች ትልቁን አረደልሽ። እየተነጫነጨ ነው ያረደው፤ ግን አረደው።»

ወደ እሳቱ ተመለሱ። ናኒባ አያቷ አውቀው ይሁን ሳያውቁ ይህን ማውራታቸው አልተገለጸላትም፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። የገባት ነገር ሌላ ነው። ኮዲም አንድ ቀን ይጠይቃል። ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ጓደኛ ሲያፈራ፣ ሲያገባ፣ «ማን አሳቀህ?» ሲባል «ዳሪል» ይላል። እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ ትሰማለች። የእናት እህት ልጅ በእነሱ ወግ ወንድም ነው፤ የገዛ ወንድሟ በሕይወቱ የመጀመሪያ ሳቅ ላይ ተዋሽቶበት ሊኖር ነው።

ግን ደግሞ ዳሪል ይሻለው ይሆን? እሱ ቸር ነው። እሷ ግን ሰው እንዲያያት የምትወድ፣ ስሟን ለገደል የምትናገር ልጅ ናት። ይህ ሐሳብ ከሁሉም በላይ አሳመማት። ባልዲውን አንስታ ሄደች።

ፀሐይ ከገደሉ ጫፍ ልትደርስ ስትል ጎድኑ ተጠበሰ፤ ቂጣው በሳህን ላይ ተቆለለ። አክስት ቬርና የለበሰችውን ሸሚዝ ቀይራ የሰማያዊ ድንጋይ ሐብል አጥልቃለች። ዳሪል ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ኮዲን ታቅፎታል። ቀልድ የለም፤ ትከሻው ተወጥሯል። አያታቸው ከጎኑ ጨዉን ይዘው ተቀመጡ።

«ነይ ናኒባ» አሉ። «የጠበቅሽው አንቺ ነሽ፤ መጀመሪያ አንቺ ተቀበዪ።»

ናኒባ ወደ ብርድ ልብሱ ተጠጋች። ዳሪል የኮዲን መዳፍ በሁለት ጣቱ ከፍቶ ጥቂት ጨው አኖረበትና ወደ እሷ ዘረጋው። ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም። ነገ ቀኑ ይነጋል፤ ግራውን ቀድማ ትስባለች፤ ቀኙ ራሱ ይመጣል። እጇን መዘርጋት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

አልዘረጋችም። ዳሪል አጠገብ ቁጭ አለች።

«ዳሪል አይደለም ያሳቀው» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «እኔ ነኝ። ገደሉ ሥር ወስጄው ነበር። ወደ ቤቶቹ ጮህኩ፤ ድምፄ ሲመለስ ሳቀ።»

የእሳቱ ቀንበጥ ጠሽ አለ። አክስት ቬርና ዓይኗን ወደ ልጇ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ወረወረች።

«ምን ብለሽ ጮኽሽ?» አሉ አያቷ ቀስ ብለው።

«ስሜን።»

«የራስሽን ስም። እዚያ ደጃፍ ላይ።»

«አዎ።» አንገቷን አልደፋችም። «ጥፋቴ ነው፤ አውቃለሁ። እሱንም ይዤ መሄድ አልነበረብኝም። ያሳቅሁት ግን እኔ ነኝ።»

አያቷ አክስት ቬርናን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። «ቤት ስንመለስ ይህን ማንጻት የሚያውቅ ሰው ዘንድ እንወስዳችኋለን፤ አንቺንም እሱንም» አሉ አያቷ። «እሱ ለኋላ ነው። ዛሬ ልጁ እየጠበቀ ነው። ዳሪል፣ ተነስ።»

የዳሪል ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ። ኮዲን ሲያቀብላት ግን ከባድ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ። «ጆሮዬን በከንቱ አስረዘምኩት» አለ በለሆሳስ።

«ሳህኑን ደግሞ ሁሉንም አንተ ታጥባለህ» አሉ አያቱ። «በአሸዋ።»

ኮዲ እሷ ጭን ላይ ሲያርፍ አልሳቀም። ዓይኖቿን ብቻ አየ። ናኒባ የጡጫውን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቃ ከፈተች፤ መዳፉ እርጥብ ነበር። ጨዉን አኖረችበት። ፊቷ ተሰልፎ የቆመው አጎት ሃሪሰን ነበር።

ጎንበስ ብሎ ጨዉን ተቀበለ፤ ምላሱ ላይ አደረገ፤ ቀና ሲል ፊቱ ጠቁሯል።

«ነገ መቅዘፊያውን አትይዢም» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ናኒባ። አመማት፤ በጣም አመማት። የኮዲን ጣቶች እንደገና ከፈተች።

«የሚቀጥለው» አለች።