እፍ ያልተባለ ሻማ

የደብዳቤው ከረጢት የጠፋው በምሳ ሰዓት ነው።

ኤዱልጂ ከደረጃው ሥር ያለችውን መስኮት የለሽ ዕቃ ቤት ሲከፍት ከረጢቱን ያስቀመጠበት መደርደሪያ ባዶውን ቆሟል። ወለሉ ላይ፣ በቆርቆሮ ሳህን መሃል፣ አንዲት ቁራጭ ሻማ ትነድዳለች።

ከረጢቱ ከቦምቤይ ሦስት ሳምንት በመርከብ ተጉዞ ያን ዕለት ጠዋት የገባ ነበር። አሥራ አራት ፓርሲዎች፣ ከፋርስ ወደ ሕንድ የፈለስነው ሕዝብ ልጆች፣ ክሪኬት ሊጫወቱ እንግሊዝ አገር ከመጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ከእኛ ወገን ለጨዋታ ባሕር የተሻገረ የመጀመሪያው ቡድን ነው። ሲነሱ ወደብ ድረስ በአበባ ሸኘናቸው፤ እነሱ ግን ከደረሱ ጀምሮ በየከተማው ይሸነፋሉ። የቀራቸው ደስታ ደብዳቤ ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን ደንብ ወጥቶለታል። አንዱ ልጅ ጠዋት የእናቱን ደብዳቤ አንብቦ ሲያለቅስ ውሎ ሦስት ኳስ ከእጁ ካመለጠው ወዲህ፣ አምበሉ «ደብዳቤ ከምሳ በኋላ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት» ብሏል። የማደሉ ሥራ የኤዱልጂ ነው። ኤዱልጂ የቡድኑ ነጥብ መዝጋቢ ነው፤ ወፍራም፣ ነገረኛ፣ ሆደ ቡቡ ሰው። ሃያ ዓመት በቦምቤይ ፖሊስ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የሌባ ቃል ሲጽፍ ኖሯል። ልጆቹ «ካካ» ይሉታል፤ እንደ አጎታቸው።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ፖሊስ ለመጥራት ጊዜ አላጠፋችም። ሳጅን ክሪል ጢሙን ከዝናቡ እየጠረገ በወጥ ቤቱ በር ገባ። የቤቱን ሠራተኛ ሄስተርን አስጠሩለት።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

«በእኔ፣ ጌታዬ። ግን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው የማንጠለጥለው። ማንም ያገኘዋል።»

«ከረጢቱን ለምን ወሰድሽው?»

«ምን ላደርግበት? ጽሑፋቸው ለእኔ የሸረሪት ድር ነው!»

«የሩቅ አገር ቴምብር የሚገዛ ሰው አይጠፋም።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለነዚህ ሰዎች ስል ነው ዓይኔ የጠፋው!» አለች ሄስተር።

እውነቷን ነው። የኛ ሰው ያለ እንቁላል አይኖርም፤ እንቁላሉም ያለ ቃሪያ አይበላም። ሄስተር ቃሪያ መክተፍ ከልጆቹ ተምራ፣ በዚያው እጇ ዓይኗን አሽታ ሁለት ቀን አልቅሳለች። በልጆቹ እንግዳ ባርኔጣ ያልሳቀች የከተማው ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሳጅኑ ግን በጓሮ በር ይዟት ወጣ። ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት ትቀርባለች። ባትታሰር እንኳ፣ በሌብነት ስሟ ከተነሳ በዚያ ከተማ የሚቀጥራት ቤት የለም።

ኤዱልጂ ተመልሶ ሻማዋ ፊት ቁጢጥ አለ።

የቤቱ ባለቤት የሻማ ቁራጭ ሳይቀር ትቆጥራለች። ሄስተር ከዕቃ ቤት በወጣች ቁጥር በሩን ሳትዘጋ በፊት ነው ሻማውን እፍ የምትለው። አምስት ቀን ሙሉ ያያታል፤ ባየ ቁጥርም ፊቱን ያዞራል። እሳት ላይ እፍ ማለት እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ የሰው ትንፋሽ እሳትን ያረክሳል። ሻማችንን ደህና ቦታ አስቀምጠን፣ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ እንተወዋለን።

ይህችን ሻማ የለኮሰው ሰውም እንደዚያ አድርጓል። ሳህን ፈልጎላታል። አጠገቧ የነበረውን የሣር ባርኔጣ ሁሉ ወደ ጥግ ሰብስቦላታል። እየሰረቀ፣ እየተጣደፈ፣ ለእሳቱ ተጨንቋል።

«የእኛው ልጅ ነው» አለ ኤዱልጂ ለራሱ።

መጀመሪያ የጠረጠረው ካይኮባድን ነው። ካይኮባድ ሦስት ጨዋታ ከሜዳ ውጭ ተቀምጦ አኩርፏል፤ «ከእናንተ ጋር ከምቆይ ባሕሩን ዋኝቼ አገሬ እገባለሁ» ሲል ሁሉም ሰምቷል። ምሳ ላይም ዘግይቶ ነው የመጣው። ኮሪደር ላይ ሲይዘው ደግሞ እጅጌው ላይ ሰም ፈስሷል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሰም ነዋ፣ ካካ።»

«ሰም መሆኑንማ አያለሁ። ከየት መጣ?»

«ለማንም አይንገሩብኝ።»

«እሱን ስሰማ እወስናለሁ። ተናገር!»

ካይኮባድ ግራ ቀኝ አየ። «ከምግብ ቤቱ የሻማ ቁራጭ ሰርቄ ነው።»

«ለምን?»

«ይኼ አገር ፀሐይ አለው እንዴ? ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ! ታዲያ ወደ ምን ዞሬ ልጸልይ?»

ኤዱልጂ የክፍሉን በር ገፋ አድርጎ አየ። መስኮቱ ሥር ቁራጭ ሻማ እየነደደች ነው፤ ከፊቷ የጸሎት መጽሐፍ ተዘርግቷል። ሳቁን ዋጠው። «አንተ ግትር! ብትጠይቀኝ እኔ እገዛልህ አልነበር? በል ና፣ ሻይ ደርሷል።»

ሻይ ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ከረጢቱ እንደጠፋ ተናገረ። ስለ ሄስተር ሆን ብሎ ዝም አለ። ቤቱ ተናወጠ።

«የእናቴ ደብዳቤ!»

«የሚቀጥለው መርከብ መቼ ነው?»

«ፖስታ ቤት አይሆንም የቀረው?»

ኤዱልጂ ሻዩን እየጠጣ ጆሮውን ሰጠ። ሁሉም ጠየቀ። አንድ ሰው ብቻ ምንም ሳይጠይቅ ዝናቡን ያያል፤ ቡርጆር።

ኳስ ሲወረውር የሜዳው ሣር የሚጨስ የሚመስለው ቡርጆር፣ በደብዳቤ ቀን ከሁሉም ቀድሞ በር ላይ የሚቆም ሰው ነበር። ከአገር ሲወጣ ሚስቱ ኩቨርባይ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። መጻፍ አትችልም። ወንድሟ ይጽፍላትና እሷ አውራ ጣቷን ቀይ ዱቄት ውስጥ ነክራ ከሥሩ ታትማለች። ዓሣ ስትከትፍ ቢላ የሸረከተው ጠባሳ ጣቷን አቋርጦ ያልፋል። ቡርጆር ደብዳቤውን ከማንበቡ በፊት ያንን ጠባሳ ነው የሚስመው።

ባለፈው ደብዳቤ ላይ ግን ጣቷ አልነበረም።

ኤዱልጂ ሲኒውን አስቀመጠ። ተነስቶ የሄደውን ቡርጆርን ተከትሎ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ።

ቡርጆር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ከረጢቱ የት ነው፣ ልጄ?»

ቡርጆር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እሳቷን በሳህን ማስቀመጥህ ጥሩ ነው። ያሳደገችህን እናት ተባረኪ አልኳት።»

ቡርጆር ትራሱን አነሳ። ከረጢቱ ከነማኅተሙ ከሥሩ ተኝቷል።

«አልከፈትከውም?»

«መክፈት ብችል ምን ያሰርቀኝ ነበር?» አለ ቡርጆር። «ካካ፣ እኔ ሁለቱንም ልጆቼን የቀበርኳቸው በደብዳቤ ነው። ሁለቱም ጊዜ ለሥራ ሩቅ አገር ነበርኩ። ሁለቱም ጊዜ ወረቀት መጣልኝ። ይኼ እስካልተከፈተ ድረስ ኩቨርባይ አለች። ልጁም አለ።»

«የራስህን ብቻ ብትወስድስ?»

«የወንድሟን የእጅ ጽሕፈት ማየት ፈራሁ። እስከ ነገ ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ ይቆይልኝ ብዬ ነው። ከዚያ ቦታው እመልሰው ነበር።»

ኤዱልጂ አጠገቡ ተቀመጠ፤ አልጋው ጮኸ። እጁን ትከሻው ላይ ጣለበት። ማልቀስ አማረው፤ ግን አንድ ነገር መናገር ነበረበት።

«ሄስተር ጣቢያ ናት። ሌባዋ አንቺ ነሽ ብለው ወስደዋታል።»

ቡርጆር ከተቀመጠበት ዘለለ። «ማን? ሄስተር? የኛ ሄስተር?» ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ኤዱልጂ ማኅተሙን ሰብሮ የቡርጆርን ፖስታ አወጣ። «መጀመሪያ ይኼን አንብብ። ከዚያ አብረን እንሄዳለን።»

«አይሆንም። ካነበብኩት በኋላ የሚሸከመኝ እግር ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።» ፖስታውን ሳይከፍት ደረት ኪሱ ከተተው።

ጣቢያው በደመናው ጨልሟል። ሳጅን ክሪል የክስ ወረቀቱን በሰም ሊያትም ሻማ ለኩሶ ተቀምጧል። ሄስተር ጥግ አግዳሚው ላይ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ዛሬ ግን በቃሪያ አይደለም።

«ሌባው እኔ ነኝ» አለ ቡርጆር።

ኤዱልጂ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሁሉንም አስረዳ፤ የሻማዋን ነገር፣ የትንፋሹን ነገር፣ የሁለቱን ሕፃናት ነገር። ሳጅኑ ጢሙን ሲጎትት ቆየ።

«ባለቤቶቹ ይከሳሉ?»

«ባለቤቶቹ ደብዳቤያቸውን ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

«እንግዲህ እኔም ሥራ አለኝ» ብሎ የክስ ወረቀቱን ቀደደው።

ቡርጆር ሄስተር ፊት ቆመ። «ማሪኝ፣ እህቴ።»

«እናቴን ምን ብዬ አያታለሁ እያልኩ ስንቀጠቀጥ ነው የዋልኩት! ታዲያ ምን ይላል ይኼ ደብዳቤህ?»

«አልከፈትኩትም።»

«እኔ ታስሬበት አልከፈትከውም? አምጣው ወዲህ!»

ከእጁ ነጠቀችው። ከፀጉሯ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ፖስታውን ቀደደች። ወረቀቱን በቁጣ ዘረጋችው። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ጽሑፋችሁን ማንበብ አልችልም» አለች ቀስ ብላ። «ይኼኛውን ግን እችላለሁ።»

ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችው። ከጽሑፉ ሥር መዳፍ የማትሞላ ቀይ የሕፃን እግር ታትማለች። ቡርጆር ጣቶቿን ቆጠረ፤ አምስት። ደግሞ ቆጠረ። ከእግሯ ሥር የሰው አውራ ጣት አለ፤ በመሃሉ ቀጭን ነጭ ጠባሳ ያልፋል።

ሁለቱም አሉ፤ እንደፈራው ግን እግሩ ከዳው። አግዳሚው ላይ፣ ሄስተር ተቀምጣ በዋለችበት ቦታ ቁጭ ብሎ ጠባሳውን ሳመው። ኤዱልጂ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተንሰቀሰቀ፤ አላፈረም።

ሳጅን ክሪል ክሱ ከቀረ ሰሙ ለምን ይባክናል ብሎ ወደ ሻማው ጎንበስ አለ፤ ጉንጩን ነፋ።

ሄስተር በሁለት እጇ ነበልባሉን ከለለችው።

«ተው ጌታዬ» አለች። «እስኪያነብ ይንደድለት።»