አበልጄ ካዩት

«ትናንት የሸጥክልኝ ድንች በስብሷል።»

«የጉና ድንች አይበሰብስም፣ እመቤት። ብርድ መትቶት ነው።»

የመተዋወቂያ ቃሉ ገጠመ።

ቡናማ ጃኬት የለበሰው ሰው ከጆንያው ኋላ ተቀምጧል። ድንች ሻጭ ነኝ ባይ ነው። ጥፍሩ ግን ንጹሕ! በደብረ ታቦር የቅዳሜ ገበያ ጥፍሩ የነጣ ድንች ሻጭ ማን አይቶ ያውቃል? «ሰነፍ» አለች በሆዷ። ጎንበስ ብላ ድንቹን እያገላበጠች የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሰው ብሩን የሚቋጥርበት ቦታ ስለሆነ ማንም ልብ አላላትም። ከቋጠሮው ትንሽ ፍላሽ ወጥታ ጆንያው ውስጥ ገባች።

«ሁለት ኪሎ መዝንልኝ።»

መዘነላት። ተቀብላ ሄደች።

ወደ ኋላ አልዞረችም።

ገበያው ገነት ይላታል፤ ኮምፒውተርና ሞባይል ጠጋኝ ናት። በስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን «ዋኖስ» ነበረች። የሚያሰማራት አለቃ ባዩ ይባላል፤ የምስጢር ስሙ «አጋፋሪ» ነው። ፍላሿ ውስጥ ያለው የአንድ ሰው ቁልፍ ነው። የበር ቁልፍ እንዳይመስላችሁ። በኮምፒውተር ላይ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ የሚፈርምበት ምስጢራዊ ፋይል ነው።

ሰውየው ይሻው ነው፤ የሒሳብ መምህር። አሥራ አራት ወር ሰልላዋለች። በትርፍ ሰዓቱ የአንድ ቡትሎደር መመሪያ ያርማል። ቡትሎደር ማሽን ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን የሚቀሰቅስ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ካልነቃ ማሽኑ ዝም ያለ ብረት ነው። ፕሮግራሙ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ ዓለም በነጻ ይወስደዋል፣ የፈለገ ያርመዋል። ይሻው የተገደፈ ፊደል ያቃናል፣ ያረጀ ሊንክ በአዲስ ይተካል። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሠራ፤ የሚከፍለውም የሚያመሰግነውም የለም።

ታዲያ ይህ ምን ያሰልላል? በጉና ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የክትባት ፍሪጆቹ የሚነሡት በዚሁ ቡትሎደር ነው። በሚመጣው ሰኞ ባለሙያዎች መመሪያውን ከፍተው፣ ሊንኩን ተጭነው፣ አዲስ ፋይል ሊጭኑባቸው ነው። ሊንኩ ወደ ተመረዘ ፋይል ከወሰዳቸው ፍሪጆቹ ዳግመኛ አይነሡም። የስንቷ እናት ልጅ ክትባት ተበላሽቶ ይደፋል።

«ሊንኩን ሊለውጥ ያሰበው ይሻው ነው። ቅረቢው» አላት ባዩ።

ቀረበችው። ይሻው ሴት ልጅ ወልዶ ክርስትና እናት ሲፈልግ፣ በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗን ያነሣቻት ገነት ናት። ባዩ ሲሰማ በስልክ ከት ብሎ ሳቀ። «ጎበዝ! ከዚህ የተሻለ ሽፋን ከየት ይመጣል!»

እሷ አልሳቀችም። በዚህ አገር አበልጅነት ቀልድ አይደለም። ወንድማማች በመሬት ድንበር ይካሰሳል፤ አበልጅ ግን አይጠረጠርም። የመመሪያው ሕግ አንዱ ያርም፣ ሌላው ሊንኩን ከፍቶ አይቶ ያጽድቅ ይላል። ይሻው ራሱ አስተምሯት ሁለተኛዋ አራሚ ሆነች። እሷ ያረመችውን ግን ከፍቶ አያይም። «አበልጄ ካዩት እኔ አየሁት ማለት ነው» ብሎ ያጸድቃል። ከፍቶ ማየት እሷን መጠርጠር ይመስለዋል። ነውር ነዋ!

በአሥራ አራት ወር አንድ ወንጀል አላገኘችበትም። ለባዩ ይህንኑ ስትነግረው፣ «እንግዲያው ቁልፉን ቀድተሽ አምጪ፤ ማስረጃው እዚያ ነው» አለ። ትናንት ቀዳችው። ያን ጊዜ የክርስትና ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር።

ከገበያ በቀጥታ ወደ ይሻው ቤት ሄደች። ሚካኤል ነው፤ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የይሻው ነው። አበልጅ በእንዲህ ያለ ቀን እንግዳ አይደለችም፤ ሥራ ይጠብቃታል። ድንቹን ለጥሩወርቅ፣ ለይሻው ሚስት፣ ሰጥታ ዳቦ መቁረስ ጀመረች። ይሻው ማሰሮ አቅፎ ለማኅበርተኛው ጠላ ይቀዳል።

«ይሻው፣» አሉ የማኅበሩ አንጋፋ አለቃ ብርሃኑ፣ «ያ የፈረንጅ ምስር ለቀማህ አላለቀም?»

«የት ያልቃል አባ! ደግነቱ ዛሬ እረፍት ነው። ጥሩወርቅ ኮምፒውተሬንም ስልኬንም ሣጥን ውስጥ ቆልፋብኛለች።»

«እሰይ! ሚካኤል ይስጣት!»

ቤቱ ሳቀ።

የገነት ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ከመመሪያው የመጣ ማስታወቂያ ነው። «ይሻው አንድ ያረጀ ሊንክ በአዲስ ተክቷል።» ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። «ያጸደቀችው ገነት።»

ቀና አለች።

ይሻው ፊት ለፊቷ ቆሟል። ሁለት እጁ ማሰሮው ላይ ነው።

ጓሮ ወጥታ ሊንኩን ተጫነች። ገጹ ያው የድሮው ገጽ ነው፤ መልኩም ቀለሙም አልተለወጠም። ፋይሉን አውርዳ መለያ ቁጥሩን መመሪያው ላይ ከታተመው ጋር አስተያየች። አይገጥምም። ወደ አካውንቷ ልትገባ ሞከረች። የይለፍ ቃሉ ተለውጧል። አካውንቱን በመጀመሪያ የከፈተላት ባዩ ነበር።

ደወለች። ስልኳ እንደ ልማዱ ጥሪውን ይቀዳል።

«ዋኖስ ነኝ። ቁልፉን ማን ተጠቀመበት?»

«እኛ።»

«ሊንኩ መርዝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ባዩ። ድምፁ ሰላም ነው። «አዲስ ፍሪጅ የሚያስገባ ሰው አለ። አሮጌው ካልሞተ አዲሱን ማን ይገዛዋል?»

«እኔን ምን አደረግኸኝ? ስሜ ሰፍሯል እኮ!»

«የሰፈረው የገነት ስም ነው። ገነት ደግሞ የለችም። ዛሬውኑ ትወጫለሽ። መምህሩን ማክሰኞ እንይዘዋለን።»

«ሕፃናቱስ?»

«ዋኖስ፣ አትጃጃይ። ልጁ በሩ ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር ነይ።»

በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ቡናማው ጃኬት በሩን ተደግፎ ቆሟል። ወገቡ ላይ ያበጠ ነገር አለ።

 ከእሳቱ አጠገብ ካለው ፍልጥ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አራት ወር ሌባ ስትጠብቅ፣ ለካ ሌባው እሷን ነበር የላከው! ተናደደች፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ሐፍረቱ በላት። ባዩን አምና ይሻውን ሰለለች። ባዩ ሸጣት፤ ይሻው እንጀራውን አጎረሳት።

ሊንኩን የሚያስመልሰው ይሻው ብቻ ነው። ይሻው እንዲያስመልሰው ሁሉንም ልትነግረው ይገባል። ለመንገር ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ጃኬቱ በሩን መግፋት ጀምሯል።

ወደ ቤት ሮጠች።

«ኧረ በሚካኤል! እንግዳ በር ላይ ቆሟል!»

አለቃ ብርሃኑ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ወይ ጉድ! በዝክር ቀን እንግዳ ደጅ አስቁመን? ግባ ልጄ! ግባ!»

«የለም አባ፣ እኔ ሰው ፈልጌ…»

«ሚካኤል ነው ያመጣህ! ይዛችሁ አስገቡት!»

ሦስት ጎልማሶች እጁን ይዘው አስገቡት። በሁለት ሽማግሌ መካከል ተሰካ። ጽዋ በእጁ፣ ዳቦ በጉልበቱ ላይ። ሊነሣ ሲል አለቃ ብርሃኑ ትከሻውን ጫን አሉት። «ምርቃት ሳይደርስ መነሣት የለም።» ሃያ ሰው ያየዋል። ጃኬቱን ወደ ወገቡ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ገነት ላይ ነው።

ገነት ይሻውን ጓዳ ጠራችው። ሕፃኗ እዚያ ተኝታለች።

«አበልጄ፣ ምን ሆኑብኝ? ፊትዎ ጠቁሯል።»

«ቁልፍዎን ሰረቅሁ።»

ሳቀ። «የሣጥኑን?»

«የሚፈርሙበትን። ትናንት። መሥሪያ ቤት ልኮኝ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ሊንኩን በእርስዎ ስም ለውጠውታል፣ በእኔ ስም አጽድቀውታል። ሰኞ የጉና ፍሪጆች ይሞታሉ። ማክሰኞ እርስዎን ይይዛሉ።»

ማሰሮውን አስቀመጠ። ሕፃኗን አየ። ከዚያ ጥሩወርቅ ከትራስ ሥር የምታስቀምጠውን ቁልፍ አንሥቶ ሣጥኑን ከፈተ፤ ኮምፒውተሩን አወጣ። 

ሊንኩን ተጫነ። እሷ ያጸደቀችውን ከፍቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«ቁልፉን ብሰርዘው» አለ፣ እሷን ሳያይ፣ «በዚህ ቁልፍ የፈረምሁት ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። ስምንት ዓመት የለቀምሁት።»

«አውቃለሁ።»

ሰረዘው። ለመመሪያው ጠባቂዎች ሁሉ ጻፈ፤ ቁልፌ ተሰርቋል፣ በስሜ የገባውን ሁሉ አትመኑ አለ። ከሳሎን የአለቃ ብርሃኑ ምርቃት ይሰማል። «አሜን» ይላል ቤቱ። ገነት የተቀዳውን ጥሪ የባዩ የበላይ ለሆኑት ሴትዮ ላከች። እሳቸውም ከባዩ ጋር ከሆኑስ? አታውቅም። ከዚህ በኋላ ስለማን ምን ታውቃለች!

ምርቃቱ ወደ መጨረሻው ተጠጋ።

ይሻው ከጻፈ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ።

መልስ መጣ። ከመመሪያው ጠባቂዎች አንዷ፣ ከየት አገር እንደሆነች እንኳ የማያውቃት በጎ ፈቃደኛ፣ ሊንኩን ነቅላ ትክክለኛውን መልሳለች። የገነትም የይሻውም አካውንት ታግዷል።

«ስምሽ ማን ነው?» አለ ይሻው።

አንቱ ሲላት ኖሮ አንቺ አላት። ጥፊ ቢያሳርፍባት ይቀላት ነበር።

ዓይኗን ወደ ሕፃኗ መለሰች።

«ለቄሱ የሰጠሽው የክርስትና ስም… ወለተ ማርያም ያልሽው። እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ እውነት ነው። እሱን መዋሸት አቃተኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «በጓሮ ውጪ። የምልሽ ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ልጄን ክርስትና እናቷ ደጃፏ ላይ ተያዘች እንዳይሏት ነው።»

ልጅቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ይሻው እጁን በመካከል አስገባ።

በጓሮ ወጣች። «አሜን» የሚለው ድምፅ ሲያበቃ የጋፋትን የእግር መንገድ ይዛ ነበር። ሲም ካርዷን ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለች፤ ነጠላዋን ገልብጣ ለበሰች።

ሰኞ ባለሙያዎቹ ጉና ወጡ። ፍሪጆቹ ነቁ። ሐሙስ ባዩ በዚያ በተቀዳው ጥሪ ከቢሮው ተወሰደ። ይሻውን ግን ማንም አልካሰውም። ወር ሙሉ ተመላልሶ ቃል ሰጠ፤ የመመሪያው ሰዎችም ያረመውን አንድ በአንድ እስኪፈትሹ ከማጽደቅ አገዱት። ጥሩወርቅ ለማኅበርተኛው «አበልጃችን አገሯ ገባች» አለች አሉ። ሌላ ምን ትበል?

ሁለት ክረምት አለፈ። ይፋግ ላይ፣ ከመኪና መንገዱ ዳር፣ ሌላ ስም ያላት ሴት ስልክ ትጠግናለች። አንድ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝባት ያን መመሪያ ከፈተች። አንድ ያረጀ ሊንክ አገኘች። አዲሱን ፈልጋ ተካችው፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ ምንም አልጻፈችም።

ማምሻውን መልስ መጣ። ያጸደቀው ይሻው ነው፤ በአዲስ ቁልፍ ፈርሟል።

«አመሰግናለሁ። ሊንኩን ከፍቼ አይቸዋለሁ፤ ደኅና ነው።»

ደጋግማ አነበበችው። ድሮ ለእሷ አይከፍትም ነበር።