በረመዳን ቀትር የፈላ ሻይ

ሩፈይዳን ያገኟት ከቡናው ጆንያ ጀርባ ወድቃ ነው።

ወሩ ረመዳን ነው። ሰዓቱ ቀትር። ቦታው አጋሮ ከተማ፣ ከመናኸሪያው በታች ያለ የቡና መልቀሚያ መጋዘን። ለቃሚዎቹ ለሶላት ሲነሱ አንዷ ከጆንያው ሥር እግር አየች። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ቀሚሱ ደም ነክቶታል።

ሩፈይዳ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ኢንስፔክተር ፈየራ ሲደርስ አምቡላንሱ ወደ ጅማ ተነሥቷል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሰሚር በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። እጁ ላይ የሴት ቦርሳ ይዟል።

«የእሷ ነው» አለ። ከውስጡ ግማሹ የተፈለቀቀ የክኒን ማሸጊያ አወጣ። «ራሷ ናት ያደረገችው። ልጁን አልፈለገችውም። አላህ ይቅር ይበላት።»

«ቦርሳውን ማን ክፈት አለህ?»

«መታወቂያዋን ፈልጌ ነው።»

«ስሟን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ እንጂ። አብራን ስትሠራ ስንት ጊዜዋ ነው።»

«ታዲያ መታወቂያ ምን ይሠራልሃል?»

ሰሚር ቦርሳውን ዘጋ። ፈየራ ማሸጊያውን በመሐረብ ተቀበለና ኪሱ ከተተው። ጡረታው የተቃረበ ሰው ነው፤ ቃል አያበዛም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ገበያውን ሞላው። የነጋዴ ሚስት፣ የባጃጅ ነጂ፣ በግ ሻጭ፣ ሁሉም ፈራጅ ሆነ። ልጇን ልትገድል ነበር ተባለ። በጾም ወር! ፈየራን አለቃው ጠርቶ «ክሱን አዘጋጅ» አለው። ሆስፒታል የክፍሏ በር ላይ ፖሊስ ቆመ። ሴትዮዋ ገና ዓይኗን አልገለጠችም፤ ጠባቂ ግን ተመድቦላታል።

ፈየራ ይህ ነገር አናደደው። በማግስቱ ጠዋት ጅማ ወረደ።

ዶክተር ዮኤል ማሸጊያውን ገልብጦ አየው።

«የማይግሬን መድኃኒት ነው» አለ። «ኤርጎታሚን አለበት። የደም ሥር ያጠብባል። ጤነኛ ሰው በልክ ቢወስደው ራስ ምታቱን ያስታግስለታል። ነፍሰ ጡር ግን አትነካውም። ማሕፀን ያኮማትራል፤ ወደ ልጁ የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል። እጅና እግሯ በረዶ የሆነው ለዚህ ነው።»

«ልጁስ?»

«ልቡ ይመታል። ደከም ብሎ ነው የሚመታው። ምጡን ለማቆም እየታገልን ነው።»

«ልታስወርድ ውጣው ይሆን?»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ያለ ጉዳት በአንድ ቀን አይመጣም። በትንሽ በትንሹ ለቀናት ገብቷል። ማስወረድ የፈለገች ሴት በማንኪያ እየለካች አትቆይም። ጽንሱን ለማጥፋት የተሰጠ አይመስለኝም። ራስ ምታት ለማስታገስ የተሰጠ ነው የሚመስለው።»

ኮሪደሩ ላይ የሩፈይዳ አማት ወይዘሮ ባህሪያ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው፣ የሩፈይዳ ባል፣ ከቦንጋ ቡና ጭኖ እየመጣ መንገድ ላይ ነው።

«እርስዎ ምን አጠጥተዋታል?» አለ ፈየራ።

«እኔ? ወላሂ ምንም! ዳማከሴ ጨምቄ ግንባሯን ቀባኋት። ቀባኋት እንጂ አላጠጣኋትም።» አሮጊቷ ጣታቸውን አነሡ። «ኦቦ ፈየራ፣ ይህቺ ልጅ ራሴን ራሴን ትላለች። እኛስ ራስ የለንም? አምስት ወልጄ አንድ ቀን ጨለማ ቤት አልተኛሁም። እሷ መስኮት ዝጉ፣ ድምፅ ቀንሱ! ሰበብ ነው።»

«ጾማ ነበር?»

«አዎን። ሌሊት ሱሁር አብረን በልተን ነው የወጣችው። ቀን ከአፏ ምንም አይገባም። ታዲያ ማን ያበላታል? ራሷ ተደብቃ ካልዋጠች በቀር!»

የአጋሮ ፍርድ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ጾመኛ ሴት። ከሰው እጅ አትበላም፣ አትጠጣም። ሆዷ ውስጥ የተገኘው ሁሉ የራሷ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሩፈይዳ ዓይኗን ገለጠች። ፈየራ ሲገባ ባህሪያ ተከትለውት ገቡ። ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው አማቷን ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማማ፣ ውጭ ይቆዩን» አለ ፈየራ።

«የምደብቀው የለኝም!»

«እርስዎ የለዎትም።»

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ወጡ። በሩ ተዘጋ።

«ክኒን ውጠሻል?» አለ።

«አልዋጥኩም።» ድምጿ ሻክሯል። «ልጄ አለ?»

«አለ።»

አለቀሰች። እንባዋን ጠረገች።

«ጋሼ፣ ማይግሬን አለብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሲነሣብኝ ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ሳረግዝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ ሲስተር ሩት አስቀምጣ ነገረችኝ። ሆድሽን ባዶ አታድርጊው፤ ውሃ ጠጪ፤ ሲጀምርሽ ጨለማ ቦታ ተኚ፤ ካልቻልሽ ፓራሲታሞል፣ እሱንም በልኩ። ሌላ ክኒን ከማንም እጅ አትቀበዪ አለችኝ። ድንገት እንደሌላው ጊዜ ያልሆነ ራስ ምታት ቢመጣብሽ፣ ዓይንሽ ቢጨልም፣ ፊትሽ ቢያብጥ ሩጪ ነይ፤ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል አለችኝ። ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ።»

«ሆድሽን ባዶ አታድርጊው ካለችሽ፣ ጾሙስ?»

ሩፈይዳ በሩን አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አልጾምኩም።»

«ለነፍሰ ጡር ተፈቅዷል አይደል?»

«አላህማ ፈቅዶልኛል። ሰው ፊት ግን እንዴት ይበላል? ሁሉም ጾሞ እኔ ዳቦ ልግመጥ? አማቴ ብትሰማስ? እየጾምኩ ነው አልኳት። ዋሸሁ።» ዓይኗን ከደነች። «ሰሚር አዘነልኝ። ቢሮዬ ግቢና ቅመሺ አለኝ። ቀን ቀን ሻይ ያፈላልኛል። በሩን ዘግቶልኝ ይወጣል። ማሎ፣ እባክዎን እንዳይነግሩበት፤ ሰው ይቀየመዋል።»

ፈየራ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ።

«ሻዩ እንዴት ነበር?»

«ስኳሩ ይበዛል። ይመራል ደግሞ። ቅመሙ ነው ይለኛል።»

«ክኒን ሰጥቶሽ ያውቃል?»

«አንድ ቀን ከራሱ ክኒን ሊሰጠኝ ነበር። እንቢ አልኩት። አዋላጇ ከልክላኛለች አልኩት። ሳቀና ተወኝ።»

ፈየራ ተነሣ። የፖሊስ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

አጋሮ ሲመለስ በቀጥታ መጋዘኑ ገባ። ሰሚር ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት መስጊድ ሄዷል። የቢሮው መስኮት ደፍ ላይ ብርጭቆ ተቀምጧል። ውስጡ የደረቀ ስኳር አለ፤ ጉንዳን ወርሮታል። የብርጭቆው ቂጥ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ነጭ ዱቄት ተጣብቋል። የሚጾም ሰው ቢሮ፣ ጥግ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አጠገቡ ማንቆርቆሪያ።

ፈየራ ብርጭቆውን ጠቅልሎ ያዘ። ከዚያ መድኃኒት ቤት ሄደ።

ባለመድኃኒት ቤቱ ወርቅአገኘሁ ማሸጊያውን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን እዚህ ከተማ አዘውትሮ የሚወስደው ሰሚር ነው። እሱም ማይግሬን አለበት። የሐኪም ማዘዣ ይዞ ነው የሚመጣው።»

«ነፍሰ ጡር እንደማትወስደው ያውቃል?»

«እንዴት አያውቅም! አምና ሚስቱ አርግዛ ራሷን አመማት። ከእኔ ላካፍላት ወይ ብሎ እዚሁ ቆሞ ጠየቀኝ። አንዲት ፍሬ እንዳትሰጣት፣ ልጅህን ታጣለህ አልኩት። ደንግጦ ቤቱ ያለውን የመድኃኒት ሳጥን ቆለፈ። ሚስቱ ናት የነገረችኝ።»

ሰሚርን ጣቢያ አስጠሩት። ተረጋግቶ ገባ። እጁ ላይ መቁጠሪያ አለ።

«ጾመኛ ነህ?» አለ ፈየራ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቀን ሻይ የምታፈላው ለማን ነው?»

«ለሹፌሮች።»

«የትኛው ሹፌር ነው አንተ ቢሮ ገብቶ የጠጣው? ስሙን ንገረኝ፤ አሁኑኑ አስጠራዋለሁ።»

መቁጠሪያው ቆመ።

«ለሩፈይዳ ነው» አለ። «አዝኜላት። ይህ ወንጀል ነው?»

«ሻዩማ አይደለም። በብርጭቆው ቂጥ የፈጨኸው ክኒን ነው።»

ሰሚር ግድግዳውን አየ።

«መርዝ እኮ አይደለም፤ እኔም እወስደዋለሁ።»

«ክኒኑን ስትሰጣት ምን አለችህ?»

«እንቢ አለች።»

«እንቢ ካለች በኋላስ?»

«ጭነቱ ከዒድ በፊት መውጣት አለበት!» ሰሚር ጮኸ። «ያለፈው ጭነት መጥፎ ፍሬ በዝቶበት ተመለሰብኝ። ባለቤቱ ሁለተኛ ከተመለሰ ውጣልኝ አለኝ። እሷ የምታየውን ፍሬ ሌላዋ አታይም። እጇ ካለበት ጠረጴዛ የሚወጣ ቡና አይመለስም። እሷ ግን ራሴን አለች፤ ልተኛ አለች። መጀመሪያ ቀን ሻዩን ስትጠጣ ተሻላት። ስትሠራ ዋለች። ደግ የሠራሁ መሰለኝ። ተመልሶ ሲነሣባት ጨመርኩ።»

«ስትወድቅ ደግሞ የተረፈውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተትክ።»

ሰሚር መቁጠሪያውን መዳፉ ውስጥ ጨመቀው።

«ለሚስትህ ሳጥኑን ቆለፍክ። ለዚህች ከፈትክ።»

«ራስ ምታት ብቻ እኮ ነው ያለባት፣ ኢንስፔክተር። እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

ፈየራ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። በጣቢያው ሲጮህ ሰምተውት አያውቁም።

«ራስ ምታት ብቻ! አንተን ሲያምህ ምን ታደርጋለህ?»

«ቢሮዬን ዘግቼ... እተኛለሁ።»

«እሷ ልተኛ ስትልህስ?»

ሰሚር አንገቱን ደፋ። መቁጠሪያው ከእጁ ወደቀ፤ አላነሣውም።

አለቃው በማግስቱ ቃሉን አንብቦ «በቃ፣ ጉዳዩ ተፈታ» አለ። ፈየራ ግን አልበቃውም። ሰሚር በጣቢያ ክፍል ውስጥ አመነ፤ ሩፈይዳ ግን የተሰደበችው ገበያ ላይ ነው። ተጠርጣሪ የፈጸመውን በቦታው መርቶ ያሳይ ዘንድ ወግ አለ። ለቃሚዎቹ ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ ባሉበት ሰዓት ሰሚርን እጁን አስሮ መጋዘኑ ይዞት ገባ። ባህሪያንም አስጠርቷል። ከበሩ አጠገብ ቆመዋል።

«አሳይ» አለ ፈየራ።

ሰሚር አጉተመተመ።

«ጮክ በል! ስሟን ስታጠፋ ድምፅህ ከፍ ያለ ነበር።»

ሰሚር አሳየ። ሩፈይዳ ተደብቃ የቀመሰችበትን፣ ክኒኑን እንቢ ያለችበትን፣ ማንቆርቆሪያውን የጣደበትን፣ ክኒኑን የደቆሰበትን፣ ስኳር ያበዛበትን፣ ቦርሳዋን ከሚስማሩ ያወረደበትን። በመጋዘኑ የቡና ፍሬ መንኳኳት ቆመ።

«እንቢ ብላህ ነው የሰጠሃት?» አለች አንዲት ለቃሚ፣ ሔራን የምትባል።

«አዎ።»

«ሰው ፊት መብላት ስላፈረች ነው ያገኘሃት?»

ሰሚር ወደ በሩ አየ።

«እኛንስ ሌላ ጊዜ ምን አጠጥተኸናል?»

ሔራን የሥራ ሽርጧን ፈታች። አጠገቧ ያለችውም ፈታች። ደጅ ላይ የጭነት መኪናው አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሴቶቹ አልፈውት ወጡ። ቡናው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ባህሪያ ከፈየራ ጋር ጅማ ወረዱ። መንገዱን ሁሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

ጠባቂው ፖሊስ ከበሩ ተነሥቷል። ዶክተር ዮኤል ከክፍሉ ሲወጣ አገኛቸው። «ምጡ ቆሟል። የልጁም ልብ ተሽሎታል» አለ። «ገና ነው ግን፤ ትቆያለች። ዛሬ ማይግሬኑ ተነሥቶባታል። ፓራሲታሞል ሰጥተናታል።»

ሩፈይዳ ክንዷን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ተኝታለች። አሮጊቷ እግሯ ጋ ቆሙ።

«ኢንታላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አልጾምሽም?»

ሩፈይዳ ደነገጠች። «አልጾምኩም።»

«ደግ አደረግሽ። ለእኔ መንገር ያቃተሽ በእኔ ጥፋት ነው።» ባህሪያ እግሯን በሁለት እጃቸው ያዙ። እያሹ ማሞቅ ጀመሩ። «አሁን ያምሻል?»

«ያመኛል።»

አሮጊቷ ተነሥተው መጋረጃውን ሳቡ። ክፍሉ ጨለመ። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ የጠያቂ ድምፅ ተሰማ፤ ዘመድ ከአጋሮ ተጭኖ መጥቷል፤ ገና ከደረጃው ሲያወራ ይሰማል። ባህሪያ ወጡና በሩን በጀርባቸው ዘጉት።

«ጨሊሳ! ዝም በሉ!» አሏቸው። «ልጅቷን ያማታል።»