ጓንቱ ያጋለጠኝ ቀን

እኔ እንኳ ስሜቴን ደብቄ መያዝ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያ ጓንት ግን ጉድ ሠራኝ!

ፒያኖ የማስተምረው ልጅ ስልክ ጠጋኝ ነው። እኔ ጋ ሊማር የመጣ ቀን፣ ስልክ ሲጠራ የሚነዝሩትን ትናንሽ ሞተሮች ጓንት ጣቶች ላይ ሰፍቶ መጣ።

«ቲቸር፣ አንቺ ስትጫወቺ ጓንቱ ከፒያኖው ጋር በማያይዘው ሽቦ ይቀዳዋል። እኔ ደግሞ ሱቅ ቁጭ ብዬ አጠልቀዋለሁ። ጣቶቼን በተራ በተራ እየነካካ ያስጠናኛል።»

«እኔ ታዲያ ሥራ ልፈታ ነው?»

«ኧረ አንቺን ማን ይተካል!» ብሎ ሳቀ። ልቤ ድንግጥ አለ።

እውነትም ጓንቱ አስጠናው። ተማሪዬ ሲጎብዝ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ቶሎ ጨርሶ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። የፈራሁት አልቀረም።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው። ሌላ ከተማ ሱቅ ልከፍት ነው።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። ቤቴ ገብቼ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ቅዳሜ የማስተምርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ባለቤት፣ ጋሼ፣ ሊሰሙት መጡ። ጓንቱን አውልቆ ተጫወተ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆም አለ። ደገመው፤ አሁንም እዚያው ቆም አለ።

«ምን ነካህ? ወረቀቱ ላይ እኮ ቁም አይልም!» አሉት ጋሼ።

«ጓንቱ ያስጠናኝ እንደዚህ ነው፣ ጋሼ።»

«ጓንቱንስ ማን አስጠናው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ሁሌም ቀና ብዬ እሱን አየዋለሁ።

ጋሼ ፊቴን አዩና «እኔ ሥራ አለብኝ» ብለው በሩን ዘግተው ወጡ።

«አንቺ እኮ አትሳሳቺም፣ ቲቸር። እዚያ ጋ ምን ሆነሽ ነው?»

«አንተን ሳይ ነው!» አልኩት፤ እንባዬ መጣ። «አንተን ሳይ ጣቴ ይዘገያል። በቃ፣ አሁን ሂድና ሱቅህን ክፈት!»

ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እኔ ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቀና ስትይ አንቺን ሳይ እንዳትይዥኝ ሽቦው ላይ ነበር የማፈጥጠው። ለካ አንቺም…»

«ሞኝ!»

«ሞኝ ነኝ። እዚያ ከተማ ግን ፒያኖ አስተማሪ የለም ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«እኔ ነኝ» አለና ሁለቱንም እጆቼን ያዘኝ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

እንባዬን በትከሻዬ ጠረግኩ፤ እጆቼን ከእጁ ማውጣት አልፈለግኩማ።

«ለአባቴ የምትነግረው ግን አንተ ነህ!» አልኩት።