የፓቲንግ ደብተር

ቲቸር ተክለብርሃን ወረቀቱን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ነዋል የራሷን ቁጥሮች በሰው አፍ ሰማች።

«ለሦስት ሜትር፣ መርፌዋ ሁለት ላይ ስትደርስ ጣት ይነሳ። ቁልቁለት ከሆነ አንድ ተኩል ላይ።»

አነበቡና የኮምፒዩተር ክበቡን ልጆች በመነጽራቸው ቃኙ። እንዲህ ያለ ጥናት ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠብቀው እንደማያውቁ ተናገሩና ወረቀቱን ለባለቤቱ መለሱ። ባለቤቱም ቤቴል ሆና ተገኘች። ቤቴል እኮ ናት፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ከነዋል ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ቤቴል!

ነገሩ ስልክ ላይ በኢንተርኔት የሚጫወቱት የጎልፍ ጌም ነው። ዲላ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ በዓይኑ ያየ ስንት ሰው አለ? ጌሙ ግን ክበቡን እንዳለ ወሮት ነበር። ኳሷን ከሩቅ መምታት ማንንም አያቅትም። ሰው የሚያስለቅሰው የመጨረሻው ነው፤ ኳሷን በሣሩ ላይ አንከባሎ ጉድጓዱ ውስጥ መክተት። ፓቲንግ ይሉታል። ስክሪኑን ሲጫኑ የኃይል መለኪያዋ መርፌ ትወጣለች፣ ጣት ሲነሳ ትቆማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ነዋል ይህችን መርፌ ከአባቷ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ አራት ወር ሙሉ አጠናች። ስንት ሜትር፣ ምን ያህል ተዳፋት፣ ጣት የት ላይ ይነሳ፤ እየሳተች ጻፈች፣ እየጻፈች ሳተች። ከአሥሩ ስምንቱን ማስገባት ስትጀምር ደብተሩን ለአንድ ሰው ብቻ አሳየች። ያቺ ሰው ፎቶ አንስታ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣዋለች።

በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ከአራት ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ተማሪ ይወዳደራል። ያሸነፈ አዲስ አበባ ይሄዳል። ነዋል ከሐዋሳ አልፋ አታውቅም። ቲቸር ትምህርት ቤቱን የምትወክለው ቤቴል እንደሆነች ሲናገሩ ልጆቹ አጨበጨቡ። ነዋልም አጨበጨበች፤ ለምን እንዳጨበጨበች ራሷም አልገባትም።

ደጅ ሲወጡ ቤቴል ክንዷን ያዘቻት።

«እንዳትቀየሚኝ በናትሽ። አንቺ ብትመረጪም እኮ አባትሽ አዲስ አበባ አይለቁሽም። ቦታው ሌላ ሰው ጋ ከሚሄድ እኔ ብወስደው አይሻልም?»

ነዋልን ያንገበገባት ውሸቱ ብቻ አልነበረም። አባቷን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም፤ ቤቴል ግን መልሱን በእሳቸው ፈንታ ጨርሳዋለች። ችግር የለም አለቻት። ችግርማ ነበር።

ቅዳሜ ታላቅ ወንድሟ ሙስአብ ወደሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ስልኳን ከግቢው ዋይፋይ ጋር አገናኘላትና እሱ ወደ ንባቡ ተመለሰ። የመጀመሪያዋ ኳስ አጠረች። ሁለተኛዋም። አሥራ ሁለት ጊዜ መትታ አሥራ ሁለቱም ሲያጥሩ ዞሮብኛል እንዴ ብላ ራሷን ጠረጠረች። በኋላ ነው የገባት። በሱቁ ደካማ ኔትወርክ ጣቷን ካነሳች በኋላም መርፌዋ ትንሽ ተንሸራታ ነበር የምትቆመው፤ ስለዚህ ሳይታወቃት ቀድማ ማንሳት ለምዳለች። ቁጥሮቿ በሙሉ የተጻፉት በዚያ በሚጎተት ኔትወርክ ላይ ነው። ፈጣን ዋይፋይ ላይ ግን ጣት እንደተነሳ መርፌዋ ቀጥ ትላለች። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር ላይ ግማሽ መጨመር። ውድድሩ የሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ፈጣን ዋይፋይ እንደሚገባ ቲቸር አስቀድመው ነግረዋቸዋል።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ቤቴል አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ደብተሩ ላይ የጨመርሽው አዲስ ነገር አለ?»

ነዋል ጫማዋን አየች። «የለም» አለች።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቤቴል የመጀመሪያውን የሦስት ሜትር ፓት መታች። ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ጋ ደርሳ ቆመች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ቤቴል ዞር ብላ ከሰው መሀል ነዋልን ፈለገቻት። ነዋል ከቲቸር ጎን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ «ጨምሪ» ብላ ምልክት ብታሳያት በቂ ነበር። እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው። ደስ አላት፤ እውነቱ ይነገር፣ አንጀቷ ነው የራሰው። አምስተኛው ላይ የቤቴል ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ያ ደስታ የት እንደገባ ጠፋባት። ቤቴል ከአራት አራተኛ ወጣች። ቲቸር ፍርሃት ነው ብለው በረጅሙ ተነፈሱ።

ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ቤቴል የነዋል ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ብታሸንፍ ኖሮ መድረክ ላይ የነዋልን ስም ልትጠራ አስባ እንደነበር፣ ወላሂ፣ እያለች ማለች። ክርስቲያኗ ቤቴል ወላሂ የምትለው ነዋልን ማሳመን ስትፈልግ ነው። ነዋል ልመናት ወይስ ልተዋት ብላ አሰበች፤ አልቆረጠላትም።

«ምንድን ነው ያጠፋሁት?» አለች ቤቴል። «ቁጥሮቹ ልክ አልነበሩም እንዴ?»

ፈርተሽ ነው ብትላት እዚያው ባለቀ። ቲቸርም ያሉት እሱኑ ነው። ቤቴል መቼም አታውቅም፤ ነገም እንደ ድሮው አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ታጥፎ የገበያውን ግርግር አለፈ።

«ልክ አልነበሩም» አለች ነዋል በመጨረሻ። «ፈጣን ዋይፋይ ላይ ግማሽ መጨመር ነበረበት። ቅዳሜ ነው ያወቅኩት።»

ቤቴል ራሷን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ፊቷ እንደረጠበ ነበር።

«ረቡዕ ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«አዎ። ጠይቀሽኛል።»

ቤቴል ወራጅ እንዳለ ለሹፌሩ ነገረችው። ሰፈሯ ገና ነበር። ወርዳ በመንገዱ ዳር፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ መራመድ ጀመረች። ነዋል ልትጠራት አፏን ከፈተች። አንቺም እኮ ሰርቀሽኛል ልትል ነበር፣ ይቅርታ ልትልም ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቀችም።

ሹፌሩ ዞር ብሎ ልጅቷን እንጠብቃት ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አይ» አለች ነዋል። «እንሂድ።»